ዘግይታ ስትስቅ

ታይዋን ገበያ፣ ከቻርጀር ክምር ሥር፣
ከቆራጣ ገመድ፣ ከሪሞት ስብርባሪ ጋር፣
ፀሐይ ያገረጣው አንድ ቪሲዲ አየሁ፤
«ውሰደው፣ አቦ» አለኝ ልጁ፤ አሥር ብር ከፈልሁ።

«ባለ ሁለት በር» ይላል ሽፋኑ በደማቁ፣
«አስቂኝ ተከታታይ ድራማ፣ ሙሉው ከነሳቁ»።

ሙሉው!
ሰባት እሑድ ብቻ ታይቶ፣
የሳሙና ነጋዴው ስፖንሰር ኪሱን ዘግቶ፣
ስምንተኛው እሑድ በዘፈን ተተክቶ
የቀረ ነገር፣
እዚህ ላስቲክ ላይ «ሙሉ» ተባለ፣ በቁም ነገር።

የቀረጹት እኛው ጋ ነው፣ ከዚራ፣
የባቡር ሠራተኞች ክበብ፣ ቬንትሌተሩ እያጓራ።
(እሱም ተቀድቷል። ትናንት ክፍል ሁለትን ስሰማ
ዝናብ መስሎኝ ልብስ ላስገባ ወጣሁ በጨለማ።)

ደራሲው ካዲስ አበባ ነው፣ በዚያ ሐሩር ኮት ለብሶ፣
አከራይና ተከራይን በ«እርስዎ» አለባብሶ።
ከንቲባው «አንተ» በሚባልበት አገር፣
ገና «ይቀመጡ» ሲባል አዳራሹ በሳቅ ሲሰበር፣
«ኧረ ቀልዱ ገና አልደረሰም!»
«ለኛ ደርሷል፣ አቦ! አንመልሰውም።»

ሳቂዎቹ ሃያ አራት ነን፤
ከነምበር ዋን፣ ከገንደ ቆሬ፣ ከመጋላ የተለቀምን፣
ደመወዛችን አንድ ሚሪንዳ፣ ሁለት ሳምቡሳ።
ኢፍቱ ከጎኔ ናት፣
ከጣቷ ላይ የስፌት ቆቡን ሳታነሳ።

አማርኛዋ ለሥራ ነው፦ ለክንድ፣ ለወገብ፣ ለዋጋ፤
ቀልድ ሲመጣ ይጠባታል።
«ማል ጄዴ?» ትለኛለች፣ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ።
እኔ በኦሮምኛ ሳወጋ
ሌላው ስቆ ጨርሷል፣ አፉን ጠርጓል፣ ዝም ብሏል፤
ያኔ የሷ ሳቅ ይነሣል፣
ባቡር እንዳመለጠው መንገደኛ
ጓዙን ታቅፎ
በባዶው ሐዲድ ዳር ብቻውን ይሮጣል።
ድምፅ ቀራጩ ሙኽታር ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅሎ
«ይሄ በኋላ ይቆረጣል» አለ፣ ምሎ።
አልተቆረጠም።
የመቁረጫው ብር ከሳሙናው ጋር ቀለጠ።

ትናንት መብራት ሲመጣ
ዲስኩን በሽርጤ ጫፍ ወልውዬ ከፈትሁ።
አከራዩ ባልዲ ውስጥ ገባ፤ አልሳቅሁም።
ተከራዩ በሌላው በር ሾለከ፤ አልሳቅሁም።
ቀልዱ ሻግቷል።
የሃያ ሦስታችን ሳቅ
ከገልባጭ መኪና እንደሚወርድ ጠጠር
ባንድ ላይ ይዘረገፋል፤
የኔ የቱ ነው? ፈለግሁት፤ የለም።
የሷ ግን፣ ስለዘገየ፣
ጥርት ብሎ፣ ከነትንፋሹ፣
ከነ መጨረሻዋ ትንሽ ሳል።

አንድ ነገር ልናዘዝ፦
ከክፍል አምስት ወዲህ አልተረጎምኩላትም።
«ማል ጄዴ?» ስትለኝ ከራሴ ፈጠርሁ፤
ስለ ደራሲው ኮት፣ ስለ ሙኽታር ጆሮ፣ ስለኔ ፈሪነት፣
ሹክ አልኳት።
እሷም ሳቀች፣ ስፖንሰሩ ባልከፈለበት።

ክፍል ሰባት።
ተከራዩ የሞተች ሚስቱን ጫማ ታቅፎ ያለቅሳል፤
አዳራሹ እንደ መስጊድ ጸጥ ብሏል።
እዚያ ላይ፣ እዚያው ላይ፣ ሳቋ ይፈነዳል።
«ይቺ ሴትዮ ምን ነካት?» አለ ዚያድ፣ የጎረቤቴ ልጅ።
ዝም አልሁ።
ምን እንዳልኳት ዲስኩም አያውቅ።

በዚያው ክረምት ጅቡቲ ወረደች፣
የሲንጀሯን አንገት በብርድ ልብስ ጠቅልላ።
ጣቢያው ላይ፣ ባቡሩ ሲንቀሳቀስ፣
በሕይወቴ አንዴ ቁም ነገር ተናገርኳት
በቋንቋዋ፣ ቃል ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።
ያን ቀን ብቻ
ሳትዘገይ ሳቀች።

ዲስኩ ክፍል ሰባት ላይ ይነክሳል፤
የተከራዩ እንባ ጉንጩ ላይ ቆሞ ይቀራል፣
ሳቋ ይጀምራል፣ ይጀምራል፣ ይጀምራል።
«አንተ፣ ነክሷል እኮ፤ ልወልውልህ?» ይለኛል ዚያድ።
«ተወው፣ አቦ፤
ይንከስ።»