ቅዝቃዜን የረሳች ሳንቲም

ፊሎሜና ዌላን፣ የኒውፋውንድላንድ ሴት፣
ፍሪዘሯ ሞቆ፣ ዓሣዋን አውጥታ በረዶ ውስጥ ቀበረች፣ ጓሮዋ በሌሊት።
ጠዋት ስትነሣ፣
የጄራልድ ውሻ ነው፤ ጢሙ ላይ በረዶ፣ ጥርሱ ላይ ዓሣ።

«ዘንድሮስ ጉድ መጣ! ደጁ ሁሉ በረዶ፣
የኔ ዓሣ ግን ያልበዋል፤ ላቡ ኩሬ ሠራ ከመደርደሪያው ወርዶ።»

ልጇ ሊያንደር ደወለ፣ ወዲያ ከከተማ፤
«እማ፣ ጣይው በቃ፤ አዲስ እልካለሁ፤ አሥራ ሰባት ዓመት ካገለገለማ!»
«አሥራ ሰባት ዓመት? እኔ ስልሳ ዘጠኝ፤
የኔን መጣያ ታዲያ የት አዘጋጀህልኝ?»
ጸጥ አለ መስመሩ።
ኋላ ስለ ነዳጅ፣ ስለ ልጁ ጉንፋን ጥቂት አወሩ።

በመጀመሪያው ጊዜ የዋህ ነበረች፤
ሶኬቱን ነቅላ፣ በሩን በርግዳ፣ በጸጉር ማድረቂያ በረዶውን አቀለጠች።
ዘጠኝ ቀን ሠራ።
በአሥረኛው ሌሊት ከጀርባው ኳ፣ ኳ፤
የማራገቢያው ክንፍ በረዶ እየገጨ ሲጣራ።

ያኔ ስድስት ብሎን ፈታች፤
ጥምዝምዙን ቱቦ ስትፈልግ አንድ ነጭ ግድግዳ አገኘች።

ፍሪዘር ማለት (የፋብሪካው መካኒክ አልፎንሰስ ነው ያላት፣ ነፍሱን ይማር)
ትንሽ እሳት በሆዱ ያለው ፍጡር፤
በየስምንት ሰዓት
ብርዱን ራሱ ገትቶ አመዳዩን የሚያቀልጥ፣ በገዛ ሽቦው ግለት።
እሳቱ ከጠፋ ብርዱ ራሱን ይቀብራል፤
በረዶ በበረዶ ላይ፤ ነፋስ መውጫ ያጣል፤
ሥጋው ይሞቃል፣ በብርድ ብዛት።
አልፎንሰስ ይህን ሲል ይስቅ ነበረ፤ እሷ ግን አልሳቀች፣ ያን ለት።

መጀመሪያ ሰዓት ቆጣሪው ተጠረጠረ፤
በጠፍጣፋ መፍቻ ቀስ ብላ ስታዞረው «ቀጭ» ብሎ መሰከረ፤
ሞተሩ ዝም አለ። ንጹሕ ነው ይኸኛው፤
ሽቦው ግን አልጋለም፤ ብትጠብቅ፣ ብትጠብቅ፣ በረዶው ያው በረዶው።

ከጄራልድ መለኪያ ተዋሰች፤ ስለ ውሻው ነገር አላነሣችም።
ሁለቱን መርፌ በሽቦው ጫፎች ስታሳርፍ
ሠላሳ ኦም አለ፤ ጅማቱ አልተበጠሰም።

ቀረች አንዲት ትንሽ፣ ሳንቲም የምታህል፣
ከቱቦው ጎን ታዝላ «በቃ፣ በረደን፤ እሳቱን ልቀቁ» የምትል፤
ሲበርዳት የምትገጥም፣ ሲሞቃት የምትላቀቅ፤
ሌላ ሥራ የላትም፣ ብርድና ሙቀትን ከማወቅ።

ቆርጣ አወጣቻት፤ በጓሮው በር ወጣች፤
ከዜሮ በታች አሥራ አራት፣
ዓሣው በነበረበት ጉድጓድ ቀበረቻት፤ ሻይዋን ጠጥታ እስክትጨርስ ቆየች።
መልሳ ስትለካት ቁጥሩ አልተነቃነቀም።
«አንቺ» አለቻት መዳፏ ላይ ይዛ፣
«በረዶ ውስጥ ተኝተሽ ብርድ አይሰማሽም?»

ከዚያ ዝም አለች።
ጣቶቿን አየች፤
ሃያ ስድስት ክረምት ዓሣ ፋብሪካ፣ በረዶ ውኃ ውስጥ፣ ቢላዋ ይዘው የኖሩ፣
ዛሬ ብርጭቆው ሲፋጅም፣ ሲቀዘቅዝም የማይናገሩ።
ለነሱ መለዋወጫ በፖስታ አይመጣም።

አዲሲቱ መጣች ሐሙስ ዕለት፣ በዘጠኝ ዶላር ተኩል።
ሽቦዎቹን ጠምዝዛ፣ ክዳኑን መልሳ ስታጠብቅ
አንድ ብሎን ተረፈ፤
ከየት እንደመጣ እስካሁን አልታወቀም ይባላል።

ሌሊቱ ሲጋመስ ወንበሯን ጎትታ ኩሽናው ውስጥ ተቀመጠች፤
ብርድ ልብስ ደርባ፣ መብራት አጥፍታ፣ ጆሮዋን ለፍሪዘሩ ሰጠች።

ቀጭ።
ሞተሩ ዝም አለ።
ቆይቶ «ቲስ» የሚል ድምፅ፣ ከጋለው ሽቦ ላይ ውኃ ሲያርፍ፤
ከዚያ ከታች፣ ከሣህኑ፣
ጠብ።

ደጅ የጄራልድ ውሻ ባዶውን ጉድጓድ ይቆፍራል።

ነገ መለኪያውን ትመልሳለች፤
ስለ ውሻው ያኔ ታነሣለች።

ጠብ።