ጥያቄ አርባ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ሐዋሳ ሪፈራል፣
ስልኬ በመዳፌ ጥያቄ ይደረድራል፦
"ደም ሲያዩ ይረጋጋሉ? ብቻዎን ይሠራሉ?
ወይስ ከሕሙም ጋር ወግ ይወዳሉ?"
አዎ፣ አይ፣ እንደ ሁኔታው፤ በአንድ ጣት እየነካሁ
የሠላሳ ዓመት ሙያ ፍለጋ ወጣሁ።

ሠላሳ ዘጠኙን መልሼ ሳበቃ
ወይንሸት በሩን መታች፤ "ዶክተር፣ ተነሺ በቃ፣
ዓሣ አጥማጅ መጥቷል፣ ከአሞራ ገደል።"
ጋሽ ላታሞ ናቸው። በመዳፋቸው መሐል
መንጠቆ።
አደነዘዝኩ። ጫፉን ወደ ፊት ገፋሁት፣
እሾሁን ቆረጥኩት፣
የቀረውን በመጣበት ቀስ ብዬ መለስኩት።

"የምን ሐኪም ነሽ?" አሉኝ፣ ጓንቴን ሳወልቅ።
"ገና ነው አባቴ፣ እኔም አላውቅ።"
እጄን አገላብጠው አዩት፣ ቆሮሶ እንደሚገዛ ሰው፤
"ቀዝቃዛ ነው" አሉ፤ ዝም አሉ፤ "ግን የማይቸኩል ነው።"
እሳቸው ግን ቸኮሉ፣
መረባቸው ውኃ ውስጥ አድሯል፣ ሳይነጋ ሊያነሡ።

ተመለስሁ። ስልኩ እንዳለ ነው፣ አርባ ላይ፦
"በሥራዎ ፈጣን ነዎት?"
ከሥሩ ሦስት ባዶ ክቦች።
ጣቴ፣ ሐይቅ ሐይቅ የሚሸት፣ ከመስታወቱ በላይ
ቆየ፣
ቆየ፤
ስክሪኑ ራሱ ሰልችቶት ጨለመ።