የደረጃው ቁጥር

ወንድሜ ዴልመር «ሰባት ነበር» ይላል፤
እኔ ዘጠኝ እላለሁ።
አርባ ዓመት በስልክ፣ ያላንድ ማስረጃ፣
ስንሟገት ኖርን ስለዚያ ደረጃ፣
ከአያታችን ከሆባርት በረንዳ ወደ ምንጩ ስለሚወርደው።

ከካሮላይና ሸለቆ ጉሙ ማልዶ ይነሣና
የታችኞቹን ይውጣል፤
ቁጥሩን ያጠፋብን እሱ ሳይሆን አይቀርም፣ ይሆናል።
ወተት ውስጥ እንደገባ ዝንብ
ዘለን እንሰጥም ነበር፣ እየሳቅን።

ጥቅምት ላይ ዋልነት ስንልጥ ሰንብተን
እጃችን ጠቆረ፤ ሳሙና አላስለቀቀው።
መምህርት ኦፋል «ቆሻሾች» ብትለን
አክስቴ ቨርሊን አንድ ጆንያ ሙሉ ላከችላት፦
«ልጠሽ ብዪ፤ ሰኞ እጅሽን እናያለን።»

ሌሊት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጥ፣
ሦስት ሆነን ባንድ አልጋ፣
ካሮጌ ሸሚዝ በተጣፈ ብርድ ልብስ ሥር፣
የዴልመር እግር፣ በረዶ፣ ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ፣
አያቴ ከታች ምድጃውን ሲቆሰቁስ
ሳሉን እየሰማሁ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ቤቱ ተሸጧል። ደረጃውም ሲሚንቶ ሆኗል አሉ።
ትናንት ዴልመር ደወለ፤ ድምፁ ሳስቶ፦
«ስምንት ብንለውስ?» አለኝ።
ደነገጥኩ።
ዕድሜ ልኩን አንዲት ነጥብ ለቆልኝ አያውቅም።
«አይሆንም» አልኩት፤ «ሰባትህን ያዝ።»