ቁልቁል የሚጣልበት ሰዓት

ጋሽ ዘውገ ሰዓት ሠሪ ነው፤ ፒያሳ፣ ከሲኒማው ጀርባ፣
አጉሊ መስታወት ዓይኑ ላይ ተክሎ፣ በዶሮ ላባ
ዝንብ ይሠራል፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣
መንጠቆው ላይ ክር ሲጠመዝዝ።
«ምንድን ነው እሱ?» ይሉታል ሰዓት ሊያስጠግኑ የመጡ፤
«የዓሣ ምሳ ነው» ሲላቸው፣ ፈገግ ብለው ነው የሚወጡ።

ድሮ የቀያሾች ሾፌር ሳለ፣ ባሌ ላይ ክረምት ይዞት፣
ዌብ ወንዝ ዳር አንድ ፈረንጅ ዘንጉን ለዕዳው ትቶለት፣
ይኸው አርባ ዓመት፣ ከግድግዳ ሰዓቶቹ በላይ አጋድሞ ሰቅሎት።

ዓርብ ዓርብ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ የሱቁን መዝጊያ ጎትቶ፣
ቀበና ይወስደኛል፣ የመንጠቆውን ጫፍ በፒንሳ ቆርጦ አውጥቶ።
ከድልድዩ ሥር ዓሣ የለም።
ሃይላንድ አለ። ነጠላ ጫማ። አረፋ፣ የሳሙና ቀለም።
ሽታውን እሱ አይሰማም፤
ወይ ሰምቶ አይናገርም።

«ትራውት» ይላል፣ «ፊቱን ወራጁ ወደሚመጣበት አዙሮ
ነው የሚቆመው፤ ምግቡ ይመጣለታል ተንደርድሮ።
ስለዚህ ከጀርባው ና፤ ሽቅብ ወርውር።
ሕጉ ይኼ ነው። ሕግ ግን እንደ ሰዓት ነው፤ ይዘገያል ሲውል ሲያድር።»

«ታዲያ ቁልቁል መቼ ነው?» አልኩት።
ሰዓቱን ያየ መሰለኝ። ውሃውን ነው ያየው።

«ቅርንጫፍ ውሃው ላይ ሲደፋ፣
ለመወርወሪያ ቦታ ሲጠፋ፤
ውሃው እንደ ጠበል ጠርቶ፣ ዓሣው የክሩን ጥላ ሲፈራ፣
ያኔ ከላይ ቁም፤ ከክሩ በፊት ዝንቡ ይድረስ፣ እንደ እንግዳ፣ ሳይጠራ።
ነፋስ ከጀርባህ ሲሆንም። ሲመሽም፣ ዓይንህ ሲደክም።
ክሩን አላላው ብቻ፤ በገመድ የታሰረ ዝንብ ዓሣ አይቶ አያውቅም።

«ሲውጠው ደግሞ እንዳትጎትት!» ዘንጌን ያዘ በመዳፉ፤
«ፊት ለፊትህ ነው ያለው፤ ብትቸኩል ነጥቀህ ታወጣዋለህ ካፉ።
ዘወር ይበል። ሦስት ቲክ ቁጠር።
ሰው ይህን አጥቶ ነው ባዶ እጁን የሚቀር።»

መጋቢት ላይ ሱቁ ፈረሰ። ሰዓቶቹን በሁለት ካርቶን
ከተተ፤ ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ ደርሶታል፣ ውሃ የማይወጣበትን።
«ነፋሱ ከጀርባዬ ነው» አለ፤ ሌላ አላለም።
ዘንጉን እኔ ጋ ረሳው። ረስቶት ነው ብዬ ግን አላምንም።

ዛሬ ዓርብ ነው። ድልድዩ ሥር፣ ብቻዬን ቆሜ፣
የታክሲ ረዳት ከላይ «ስንት ኪሎ ያዝክ?» ሲለኝ ሰምቼ፣ ዝም ብዬ ከርሜ፣
ክሩን አላላሁት ቁልቁል። የፋሲካ ዶሮ ላባ የለበሰችው ዝንብ፣ ሃይላንዱን አልፋ፣
ጫማውን አልፋ፣ ገባች ከአረፋ።

አንድ ነገር ክሩን ነካው። ላስቲክ ነው። አዎ፣ ላስቲክ።
ቢሆንም አልጎተትኩም።
አንድ ቲክ።
ሁለት ቲክ።