ግማሽ ቀን ከቢጫ ጃንጥላ ኋላ

"ፕራግን አየሃት ወይ?" ብሎ ለሚጠይቅ፣
ጃንጥላ አይቻለሁ፣ ቢጫ የሚያብረቀርቅ።
ሌላው ጉም ነበረ። ሞራ ዐይኔን ጋርዶ
ግንቡም የሰው ፊትም አንድ ላይ ተዋህዶ።

ሰኞ ነው ሐኪሙ ሞራውን የሚገፈው፤
እሑዱን በከንቱ ተኝቼ እንዳላልፈው
ልጄ ዘምዘም ከፍላ፣ ቲኬቱንም ይዛ፣
"ባታይ ትሰማለህ" አለች እንደ ዋዛ።

አስጎብኚያችን ሴት፣ ብላዤና ስሟ፣
ድምጿ እንደ ሞረድ፣ ጠንካራ ነው ቅልጥሟ።
"አምስት ደቂቃ!" ትላለች በየማዕዘኑ፤
አምስት ለባሩድ ግንብ፣
አራት ለአንድ ንጉሥ ከነዘመኑ።

እኔ እግሬን ነው የማምን። የመንገዱ ድንጋይ
እንደ ድፎ ዳቦ ጎበጥ ብሎ ከላይ፣
ስንቱ ጫማ እንዳሸው፣ ስንት ጋሪ እንዳለፈ
ከብላዤና ይልቅ ተረከዜ ጻፈ።

አደባባዩ ላይ ሰው ተጠጋግቶ፣
ሁሉም ስልኩን ሰቅሎ፣ አንገቱን አቅንቶ።
ዘምዘም ታየኛለች፦ "አባ፣ አንድ ዐፅም አለ፣
ገመድ በእጁ ይዞ ደወል ሊስብ ያለ።
ጎኑ የቆሙት ግን ራስ ይነቀንቃሉ፣
'ቆይ፣ ገና ነን' የሚሉት ይመስላሉ።"
ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሞትን በቀላሉ
ከደጅ የሚመልሱ የት አገር ይኖራሉ?

ምቱን ቆጠርሁ፦ አሥራ አንድ።
ኪሴ ያለው ሰዓት መስታወት የለውም፣ አውልቄዋለሁ፤
በጣቴ አነበብሁት፦ ስድስት።
ብላዤና ትናገራለች፦
"ይህ ሰዓት ሌላም ቆጠራ ያውቃል፣ የጥንቱን።
ፀሐይ ስትወጣ ይጀምራል፣
አንድ፣ ሁለት እያለ
ስትጠልቅ አሥራ ሁለት ይሞላል።
ይገርማል አይደል?"
ሳቄ አመለጠኝ። ዘምዘም ቆነጠጠችኝ።
ምኑ ይገርማል? ስንት ባሕር ተሻግሬ፣
ማንም በማያውቀኝ አደባባይ ተገትሬ፣
ግንብ ላይ የተሰቀለ ዘመድ አገኘሁ፤
ቆጠራው እንደኔ ነው።

ከዚያ ተረቱን ቀጠለች። ሰዓቱን የሠራው
ለሌላ ከተማ ሁለተኛ እንዳይሠራው
ሹማምንቱ ፈርተው ዐይኑን አጠፉበት፣
በእሳት አግለው፣ በጋለ ብረት።
እሱም ሲመረው፣ ደረጃውን በዳበሳ ወጥቶ
መዘውሩን ሰበረ፣ እጁን አግብቶ።

"ውይ!" አለ ሰዉ ሁሉ።
እኔ ግን ደሴ፣ ሙጋድ፣
ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ አርባ ዓመት ጎብጬ
የሰው ሰዓት ፈትቻለሁ፤ ዐይኔም እዚያው አለቀ።
"ዘምዘም፣ ውሸት ነው በያት።
ሰዓት ሠሪ ቢታወር የሠራውን አይሰብርም።
ጆሮው አለ። ዘይት የጠማውን ጥርስ፣
የደከመ ሞላ፣ ከደረጃው ሥር ይሰማዋል።
ወጥቶ ከሆነ፣ ዘይት ሊቀባ ነው የወጣው።"

ዘምዘም አፍራ ዝም አለች። ኋላ፣ በጠባቡ መንገድ፣
በሹክሹክታ ነገረቻት።
ሞረዱ ድምፅ ወደ ጆሮዬ ቀረበ፦
"ውሸት መሆኑንማ አውቃለሁ።
ለእውነቱ ግን ማን ጉርሻ ይሰጣል?"

ድልድዩ ላይ ጉብኝቱ አበቃ።
ኖራው በእንቁላል ተለውሷል ይባላል፤
"ስንት ዶሮ!" አሉ አንዲት አሮጊት ከኋላዬ።
ቤተ መንግሥቱ ማዶ፣ አቀበቱ ላይ ነው፤
የግማሽ ቀን ሂሳብ እዚያ አይደርስም፣
በጣት ብቻ ያሳዩታል። እኔም በጣቴ አየሁት።

የብላዤና የእጅ ሰዓት ጢጥ አለ።
የከተማው ደወል ግን ገና ነው።
"ይቀድማል" አልኋት።
"ሆን ብዬ ነው" አለች፣ "ለሚዘገይ ጎብኚ።"
አራት ደቂቃ ቆይቶ ደወሉ መጣ፣
አንድ ጊዜ፣ ቀጭን፣ በውሃው ላይ።
"በአንተ ቆጠራ ስንት ሆነ?"
"ስምንት።"
"ከነጋ?"
"ከነጋ።"

እጄን ጨበጠችኝ፣ ሰኞ ይቅናህ ብላ፤
ኢንሻአላህ አልሁ።
ከዚያ ጃንጥላዋን ዘጋችው፤
ብላዤናም፣ ድልድዩም፣ ፕራግም
አብረው ታጠፉ።