አበል ያልተቀበለች

በሁለት መኪና መጡ፣ በኅዳር መባቻ፣
ሽቦ በሽቦ ላይ፣ ሣጥን በሣጥን ብቻ፤
ሐርድቦ ዳር ሰፍረው፣ ድንኳን ወጥረው ሲያበቁ
«ፊቱ የተሸበሸበ ሰው አለ ወይ?» ሲሉ ጠየቁ።
እኔን ጠቆሟቸው። ዓሣ አጥማጅ ነኝ እኔ፣
መረብ ስጠግን ነው ፊቴን ያዩት ከጎኔ።

«ፊልሙ የሚያስፈራ ነው» አለኝ አዘጋጁ ታዴዎስ፣
«የጥንት አምልኮ፣ ዋርካው ደም እስኪለብስ፣
አያት የገባው ቃል፣ የልጅ ልጅ የሚከፍለው።
አትስጋ ጋሽ ሙሄ፣ ሁሉም ፈጠራ ነው።»

ፈጠራ። ዝም አልኩኝ። ምን ይባላል ለእንግዳ?
አልነገርኩትም የኛን፣ የቤታችንን ዕዳ፤
ቅድመ አያቴ ይመር፣ ያኔ በክፉ ቀን፣
ከብት አልቆ፣ እህል አልቆ፣ ሰው በሰው ሲጨክን፣
ከዚሁ ዋርካ ሥር ገብስማ ዶሮ አርዶ
ቃል አሰረ አሉ፣ ለውኃው ተዋርዶ፦
«ቤቴን ብትመግብ፣ ዓሣ ባትነሣኝ፣
ከየትውልዱ አንዲት ሴት ልጅ ና ጠይቀኝ።»
መረባችን ሞላ። እስከ ዛሬም ሙሉ ነው።
ዋጋውን የሚያውቅ ግን ሴት ልጅ ያለው ነው።

አክስቴ ዘምዘም ለውኃ ወርዳ ማለዳ
እንስራው ተገኘ፣ ሞልቶ፣ አንገቱም ሳይጎዳ።
አልቃሽ አልቆመላት፣ ስሟንም ሰው አልጠራ፤
ደንብ ነው፤ ከጠሯት አቤት ትላለች፣ አደራ።
እኔ እህት የለኝም።
ዘለለን ብለን ነበር።

ለአበሉ ብዬ እሺ አልኩ፣ ቆርቆሮ ላለብስ ቤቴን፤
ያረጀ ጋቢ ጣሉብኝ፣ አመድ ቀቡት ፊቴን።
የሰጡኝን ወረቀት ልጄ አነበበችልኝ፣
ሉባባ፣ የስምንተኛ ክፍል፤ ቃል በቃል አስጠናችኝ።
«ቤቴን ብትመግብ…» ብላ ስትጀምር
ጉልበቴ ከዳኝ። ማን ነገረው? የቱ ይመር?
አንዲት ፊደል አልሳተም። ገብስማዋም አለች፣
በቅርጫት ታስራ ጥግ ላይ፣ አንገቷን አስግጋ ታያለች።

ቀረጻው ሌሊት ነው። በሰው ሠራሽ ጨረቃ
የዋርካው ቅጠል ሁሉ እንደ ጆሮ ነቃ።
ቃሉን ተናገርኩት። ውኃው ጸጥ፣ እንቁራሪት ጸጥ፣
ጀነሬተሩ ብቻ ያቃስታል ሳያቋርጥ።
«ካት!» አለ ታዴዎስ። «ግሩም ነው! አንድ ጊዜ ድገመው።»
ሰባት ጊዜ ደገምኩት።
ካት ማለት መቁረጥ ነው አሉኝ።
ፊልምስ ይቆረጣል፤
ቃል በየት በኩል ይቆረጣል?
ሰባት ጊዜ አሰርኩት።

በሚያዝያ ደሴ ጠሩን። አዳራሹ ሞልቶ፣
ሉባባ በአዲስ ጫማ፣ እጇ ከእጄ ገብቶ።
የፒያሳ ወጣት ያፏጫል፣ ይስቃል፣
ፈንዲሻ ይበተናል፣ ስልክ ይብለጨለጫል።
እኔ ግን ራሴን አየሁ፣ ከግድግዳው ገዝፌ፣
የሟች አያቴን ዕዳ ስምል በገዛ አፌ።

ከዋርካው ጀርባ አንዲት ልጅ፣ እንስራ አዝላ፣ ቆማለች።
ማንም አልጮኸባትም።
ሰው የሚጮኸው ለቢላው ነው፣ ለቀይ ቀለሙ።
እሷ እኔን ታያለች። ጸጉሯ አልደረቀም።

አለቀ። ጥቁር ላይ ነጭ፣ ስም በስም ሽቅብ ይወጣል።
«አባዬ፣ አንተ አለህ!» አለች ሉባባ፣ «ያው፣ ሙሄ ሰይድ ይላል!»
ቀጥላም አነበበች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፦
«እንስራ ያዘለችው፦ ዘምዘም እብሬ።»
አፏን ልይዝ ነበር። እጄ ዘገየ።

ታዴዎስን በሩ ላይ፣ ሰው ሲጨብጠው፣ ያዝኩት።
«እሷማ» አለ ስቆ፣ «በመጨረሻው ሌሊት
ራሷ መጣች። አበል ስንሰጣት እምቢ አለች።
ስሜን ብቻ ጻፉልኝ፤
ከሥሩ አንድ መስመር ባዶ ተዉልኝ፣
ለወንድሜ የልጅ ልጅ ነው፣ አለች።»

ዞር አልኩ። ሉባባ ደጅ ቆማ ትጠብቀኛለች።
ደሴ ላይ ዝናብ ከጠፋ ሳምንት አልፎታል፣
አስፋልቱ አቧራ ነው።
አዲሱ ጫማዋ ግን
በየርምጃዋ ውኃ ይተፋል።