ከመለኪያው በታች

ይመር ከቦርከና ቀድቶ አመጣልኝ፣
በሃይላንድ ጠርሙስ፤ «እስቲ እቱ ለኪልኝ፤
ሽንኩርቴ ገርጥቷል፣ ቅጠሉም ዝሏል።»
አሲድ አንጠባጠብኩ፤ ማሽኑም ቀምሷል፦
ካልሲየም እንደ ልብ፤ ብረት ተትረፍርፏል፣
ከሐረጎ ቁልቁል ድንጋይ ልሶ መጥቷል።
እርሳስ፣ «ከመለኪያው በታች» ነው ጽሑፉ፤
የለም ማለት አይደል፣ ዓይናችን ነው ሰነፉ።

ክሮሙ ከልኩ አልፏል። እጄን ያዝ አረገኝ፤
ኮምቦልቻ ላይ ቆዳ ነው ያሳደገኝ።
ደብተሬን የገዛው አረንጓዴ ጥፍር፣
ያው ጨው ነው የታየኝ ከማሽኑ ቁጥር።

ይመር በሩ ሥር ቆቡን ያገላብጣል፤
«ቁጥሩን ተይው፣ እቱ፤ ለልጅ ይሰጣል?»

ደግሜ ለካሁት።
ሦስተኛም ለካሁት።
አልተለወጠም።
ከወረቀቱ ግርጌ ስሜን ጻፍኩ፤ ዘምዘም፤
ቀጥዬም፣ እንደ ወጉ፣ የአባቴን ስም።